መድኃኒት አያስፈልግም

የሥራ ባልደረቦቿ «ሬዲዮ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ኮምፒዩተሮቹን የሚይዘው ባለሙያ ነው። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፤ አንዴ ከተከፈተች ደግሞ መዝጊያዋ አይገኝም። እሷም በስሙ አልተከፋችም። ሌላው ቢቀር «ተባይ ቆጣሪ» ከመባል ይሻላል፤ የሥራ መደቧ እሱ ነበርና።

ተባይ መቁጠር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በምርምር ጣቢያው ዙሪያ ባሉ መቶ አርባ የቲማቲም ማሳዎች ውስጥ ወጥመድ ተሰቅሏል። ወጥመዱ የሴቷን የእሳት እራት ሽታ ይዟል፤ ወንዱ «አለችልኝ» ብሎ ሲገባ ሙጫው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከወጥመዱ በላይ ያለች ትንሽ ካሜራ በቀን ሁለቴ ፎቶ አንስታ ትልካለች። መሬት ውስጥ የተቀበረ መሣሪያ እርጥበቱንና ሙቀቱን ይልካል። ኮምፒዩተሩ ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ይተነብያል። ሬዲዮ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ብናኝ አቧራውን ሁሉ የእሳት እራት ነው እንዳይል ፎቶውን አንድ በአንድ በዓይኗ ታጣራለች። ዩኒቨርሲቲው፣ የምርምር ጣቢያውና የገበሬዎቹ ማኅበር ተባብረው የጀመሩት ሥራ ነው። ሐሳቡም ቀላል ነው፤ ገበሬው በልማድ በየሳምንቱ ከሚረጭ ተባዩ ሲበዛ ብቻ ይርጭ፣ አፈሩም ውሃውም እሱም ይረፉ።

ሬዲዮ ይህን ሥራ የምትወደው ለደመወዙ ብላ አይደለም። አባቷ ሃያ ዓመት ሙሉ መርጫ በጀርባው ተሸክሞ፣ አፉን በጨርቅ እንኳ ሳይሸፍን ሲረጭ ኖሮ፣ በመጨረሻ ትንፋሽ አጥሮት ደረጃ መውጣት እስኪያቅተው ደርሶ ነው የሞተው። እናቷም ርጭት በተጀመረ ቁጥር ሽታው እያጥወለወላት በርና መስኮት ዘግታ ትውላለች። ስለዚህ ሬዲዮ ወጥመድ ላይ ጎንበስ ስትል ቂም የምትወጣ ሰው ትመስል ነበር፤ እውነትም ቂም እየተወጣች ነበር።

ለገበሬዎቹ በየሰኞው በስልክ የሚደርስ የድምፅ መልእክት ሲዘጋጅ የሥራው መሪ የሆኑት ዶክተር አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ዶክተር ስላቸው የሕክምና አይደሉም፤ የነፍሳት ናቸው። ጣቢያው ውስጥ እንዲህ ያሉ ዶክተሮች ስድስት ነበሩ፣ አንዳቸውም ግን ራስ ምታት አያክሙም። ወረቀቱ ላይ «በተያዘው ሳምንት የፀረ-ተባይ ኬሚካል ርጭት ማከናወን አይመከርም» ይላል።

ሬዲዮ ሳቀች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፣ ገበሬው ይሄንን ሰምቶ እስኪጨርስ ቲማቲሙ ይበሰብሳል።»

«ታዲያ ምን እንበል?»

«ሰው እንደሚያወራው እናውራዋ። ማንም ኬሚካል አይልም፤ መድኃኒት ነው የሚለው። ‹መድኃኒት ረጨህ ወይ? መድኃኒት ገዛህ ወይ?› ነው። ‹ከዶክተሮቹ ጋር ተመካክረናል፤ በዚህ ሳምንት መድኃኒት አያስፈልግም።› አለቀ።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አገጫቸው ላይ አሳርፈው አሰቡ። «መድኃኒት የሚለው ቃል አያምታታም?»

«ምኑ ያምታታል? ቲማቲም ክኒን አይውጥ።»

ስብሰባው ሁሉ ሳቀ። ዶክተሩም ሳቁና የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር ሰረዙ። እኔ ግን በቋንቋችን ላይ ቅሬታ አለኝ፤ ለብዙ ነገር አሥር ስም እያወጣን ለሚያድነውና ለሚገድለው አንድ ቃል ብቻ መስጠታችን ምን የሚሉት ንፉግነት ነው? በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ለማሰብ ጊዜ የነበራቸው ዶክተሩ ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውንም ሳቁ አሸነፋቸው።

መልእክቱን ራሷ ሬዲዮ ቀዳችው። የዘር ማከማቻው ውስጥ ገብተው፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን በባዶ ጆንያ ሸፍነው፣ አራት ጊዜ አስደገሟት። የገበሬዎቹ ስልክ ሲመዘገብ ደግሞ ከወንድሟ ቁጥር በታች የእናቷን ቁጥር አስገባች። ማሳውን የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ ቢሆንም መሬቱ በእናቷ ስም ነው፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። የሥራው ወቅት ነውና ለሳምንታት ቤት መሄድ አትችልም፤ እናቷ ቢያንስ ሰኞ ሰኞ ድምፅዋን ትስማ ብላ ነው።

እናቷ የደም ግፊት አለባት። አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሁለት ክኒን ትውጣለች። ክኒኑ ያጥወለውላታል፣ ያዞራታል፤ ስትውጠው ፊቷ ሬት የቀመሰ ሰው ፊት ይሆናል። የወንድሟ ሚስት ናት በየማለዳው ክኒኑን ከውሃ ጋር ይዛ ከአልጋዋ አጠገብ የምትቆመው። ሴትዮዋ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ሥራዋ ግን የሚታይ ሰው ናት።

የመጀመሪያው ሰኞ ደረሰ። ቆጠራው ዝቅተኛ ነበር፤ መልእክቱ ለመቶ አርባ ማሳ ተላከ። ሁለተኛውም ሰኞ እንደዚያው። ጣቢያው ውስጥ ደስታ ሆነ፤ አሮጌው ልማድ ቢሆን እስካሁን ሁለት ጊዜ ተረጭቶ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ሬዲዮ ሦስት መቶ ፎቶ ፊቷ ተደርድሮ እያለ እናቷ ደወለች።

«ልጄ፣ ሥራ አስፈታሁሽ መሰለኝ።»

«የለም እማዬ፣ ንገሪኝ።»

«ያንን መድኃኒት እኮ ተውነው። ድምፅሽን ሰምተን።»

ሬዲዮ ደስ አላት። እናቷም ማሳውን በንቃት እየተከታተለች ነው ብላ አሰበች። «ጎበዝ እማዬ። እንዳትነኩት።»

«ዶክተሮቹ ተስማምተውበታል አይደል?»

«ሁሉም። ራሳቸው ናቸው የወሰኑት።»

«እኔማ ቀለል ብሎኛል። ያ ማጥወልወሉ ጥፍት ብሎልኛል።»

«ድሮም እሱ ነው ሲጎዳሽ የኖረው። እኛ ያስፈልጋል ካላልን ማንም ቢልሽ አትስሚ፣ ጋሼም ቢሆን።»

«እሺ፣ ተባረኪ። ወልጄ ወልጄ ሐኪም አፈራሁ» አለች እናቷ። ሬዲዮ እንደ ቀልድ ሰምታው ሳቀች፣ እናቷም አብራት ሳቀች፣ ስልኩ ተዘጋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የዚያ ቀን ግን አንዲት ቃል እንኳ ማምለጧን ያወቀ አልነበረም፤ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ሁለት የተለያየ ነገር ተነጋግረው፣ ሁለቱም ጆሯቸው ሞልቶ ተለያዩ።

ሦስተኛው ሰኞ፣ አራተኛው፣ አምስተኛውም መድኃኒት አያስፈልግም አሉ። በአምስተኛው ሳምንት ረቡዕ ወንድሟ ደወለ። እናታቸው ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ወድቃለች፤ ግማሽ ፊቷ ተዛብቷል፤ አትናገርም። ሬዲዮ ሆስፒታል ስትደርስ ተረኛዋ ሐኪም ኮሪደሩ ላይ አቆመቻቸው።

«ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል። ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሎ ነበር። መድኃኒታቸውን በትክክል ይወስዱ ነበር?»

«በየጠዋቱ» አለ ወንድሟ። «ሚስቴ ናት የምትሰጣት።»

የወንድሟ ሚስት ከኋላ ቆማ ነበር። ዓይኗን ከጫማዋ ላይ አላነሳችም። እናታቸው ለሁለት ቀን ዓይኗን ከፍታ ተኛች፤ ሬዲዮ በጆሮዋ ያለማቋረጥ አወራቻት፣ ምክንያቱም ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ዓርብ ከሰዓት ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲሳሳ ወንድሟ የእናቱን ክፍል ሊያስተካክል ገባ፤ ከቁም ሣጥኑ ሥር የክኒኖቹን ካርቶን አገኘ። ጎትቶ አወጣው። የወሩ ክኒን በሙሉ አንድም ሳይፈነቀል እንደታሸገ ነው። ይዞ ወደ ሳሎን ወጣ። ሳሎኑ ውስጥ ሚስቱ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር፤ ሬዲዮ በሩ ላይ ቆማለች።

«ይሄ ምንድነው?»

ሚስቱ ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች። «አልወስድም አሉኝ። ለመንኳቸው፣ እንቢ አሉ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንድ ወር ሆነ።»

«አንድ ወር! አንድ ወር ሙሉ ከኔ ጋር አንድ ማዕድ እየበላሽ አፍሽ አልተከፈተም? ለምን ብላ ነው እንቢ ያለችው?»

እሷ ባሏን አየችው። ከዚያ ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ዓይኗ ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ። «እንጃ» አለች።

«እንጃ? እናቴን በእንጃ ገደልሻት?»

ሬዲዮ ክኒኖቹን ታይ ነበር። ያንን መድኃኒት እኮ ተውነው። ማጥወልወሉ ጥፍት ብሎልኛል። ሐኪም አፈራሁ። የእናቷ ድምፅ እንዳለ መጣባት፣ የራሷም ድምፅ ተከትሎት መጣ፤ እንዳትነኩት፣ ማንም ቢልሽ አትስሚ። የበሩን መቃን ያዘች። መናገር ፈልጋለች፤ ይህንን ማንም ሊነፍጋት አይገባም። አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «ውሃ ስጡኝ» የሚል ነበር። ውሃውን ሮጣ ያመጣችላት ያቺው የተወነጀለችው ሴት ናት።

በማግስቱ ጠዋት የወንድሟ ሚስት አንድ ቦርሳ ይዛ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች። «እስኪበርድለት ነው» አለች ለሬዲዮ፣ በሩ ላይ ተሳስመው ሲለያዩ። ሬዲዮ ሳመቻት። አሁንም አልተናገረችም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉ አሉ። ንጋት እንኳ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ እውነት ግን አንድ ሰው ካላወጣው እዚያው ያድራል። ሬዲዮ ወደ ጣቢያው ተመለሰች፤ ፎቶዎቿን ትቆጥር ጀመር። ለራሷም ምክንያት አላጣችም። ብነግረው እማዬ አትመለስ። ብነግረው ሥራው ሁሉ ይበላሻል፣ ገበሬው መልእክቱን አይሰማም፣ ሁሉም ወደ መርጫው ይመለሳል። ወንድሜ ሲረጋጋ ሚስቱን ራሱ ያመጣታል። ዝም አይነቅዝም። እንዲህ እያለች ራሷን ስታባብል ሰነበተች። ግን ተባይ ቆጣሪ ናት፤ የማይነቅዝ ነገር እንደሌለ ከማንም በላይ ታውቃለች። የምግብ ፍላጎቷ ጠፋ። ባልደረቦቿ «ሬዲዮዋ ባትሪ ጨርሳለች» እያሉ በሐዘኗ ምክንያት መስሏቸው በቀስታ ይንከባከቧት ነበር።

የወንድሟ ሚስት በሄደች በዘጠነኛው ቀን የውጤት ስብሰባ ተደረገ። ከዩኒቨርሲቲውም ከማኅበሩም ሰው መጣ። ዶክተሩ ግድግዳው ላይ ሥዕላዊ መግለጫ አበሩ፤ ባለፈው ዓመት በዚህ ጊዜ ሰባት ጊዜ ይረጩ የነበሩት ማሳዎች ዘንድሮ መልእክቱ ሳይጀመር የረጩትን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የረጩት፣ ምርቱም አልቀነሰም። አዳራሹ አጨበጨበ። «መሣሪያው ብቻውን ይህን አያመጣም» አሉ ዶክተሩ። «ሰዎቹ መልእክቱን ሰምተው፣ አምነው፣ ፈጽመውታል። ለዚህ የምናመሰግናት አንዲት ባልደረባ አለችን። እንዴት እንደምንናገር ያስተማረችን እሷ ናት።»

እንደገና አጨበጨቡ። ሬዲዮ ተነስታ እጅ መንሳት ነበረባት፤ ተነሳችም። ስብሰባው ሲያልቅ ዶክተሩን ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

«መልእክቱ ውስጥ ያለውን ቃል እንቀይረው። መድኃኒት የሚለውን እናውጣና ርጭት እንበል።»

«ለምን? በሚገባ ሠርቷል እኮ።»

«አዎ፣ ሠርቷል» አለች።

ዶክተሩ ፊቷን አይተው ሁለተኛ አልጠየቁም። በዚያው ዕለት ማከማቻው ውስጥ ገብታ፣ በጆንያዎቹ መሃል ቆማ፣ «በዚህ ሳምንት ርጭት አያስፈልግም» ብላ ቀዳች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀዳችው፤ የኮምፒዩተሩ ባለሙያ ድምፅዋ መሻከሩን ሰምቶ «ይበቃል፣ ጥሩ ነው» አላት። ከዚያም በኋላ ሁለት ቀን አለፈ። ሁለቱንም ሌሊት ስትገላበጥ አደረች፣ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ፈቃድ ጠይቃ የወንድሟ ሚስት ወላጆች ቤት ሄደች።

የወንድሟ ሚስት ከቤቱ ጀርባ ድንች ትልጥ ነበር። ሬዲዮ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ አረፍ ሳትል፣ ቆማ ተናገረች። መልእክቱን፣ ቃሉን የመረጠችው ራሷ መሆኗን፣ የሐሙሱን ስልክ፣ «እንዳትነኩት» ማለቷን። ተናግራ ስትጨርስ ሴትዮዋ ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«አውቃለሁ» አለች።

ሬዲዮ በትክክል የሰማች አልመሰላትም።

«አውቃለሁ እህቴ። የመጀመሪያው ሰኞ አብረን ነው የሰማነው። ‹እማማ፣ ይሄ የቲማቲሙ ነው› አልኳቸው። ‹አንቺ ደግሞ ልጄ ስታስብልኝ ምን አቃጠለሽ› ብለው ተቆጡኝ። እኔ ስነዘንዛቸው ጊዜ ‹እንግዲያው ራሷን ልጠይቃት› ብለው ደወሉልሽ። ስልኩን ሲዘጉ ‹አትንኪው ብላኛለች፣ ዶክተሮቹ በሙሉ ተስማምተዋል› አሉኝ። እኔ ምን ልበል? አንቺ ከዶክተሮች ጋር ነው የምትውይው። እውነትም ጠይቃላቸው ይሆናል ብዬ ተውኩት። ለልጄ እንዳትነግሪ፣ አስገድዶ ያስውጠኛል ብለው አስምለውኝም ነበር። የኔም ጥፋት አለበት።»

«ታዲያ ያን ቀን፣ እንደዚያ ሲሰድብሽ፣ ለምን አልተናገርሽም?»

የወንድሟ ሚስት ድንቹን መልሳ አነሳች፣ ግን አልላጠችውም። «እናቱን አጥቷል። እህቱን ደግሞ ላሳጣው?» አለች። «አንቺ ትነግሪዋለሽ ብዬም ጠብቄ ነበር» ስትል ጨመረች። ወቀሳም ቁጣም አልነበረበትም፤ ለዚያ ነው ሬዲዮ መሬቱ ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን ያለቀሰችው። ለእናቷ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ወንድሟ ሄደች። ማሳው ውስጥ ነበር፤ የቲማቲሙን ግንድ ከድጋፉ እንጨት ጋር ያስር ነበር። ሬዲዮ በመስመሩ መሃል ቆማ አንድም ነገር ሳታስቀር ነገረችው። እሱ እጁን ሳያቆም ያዳምጥ ነበር፤ ስለ ስልኩ ስትነግረው ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

«መቼ ነው ይሄን ያወቅሽው?»

«ክኒኖቹን ይዘህ የወጣህ ዕለት።»

«በሩ ላይ ቆመሽ?»

«በሩ ላይ ቆሜ።»

ወንድሟ ቦዩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ፊቱን በክንዱ ጠረገ፤ ላቡን ይሁን እንባውን ሬዲዮ አልለየችም። «እኔም በየሰኞው እሰማው ነበር» አለ። «ለኔ ቲማቲም ነበር። እሷ እንዴት እንደምትሰማው አስቤ አላውቅም። ስለ እማዬ አልፈርድብሽም፤ ትወጃት ነበር፣ እሷም ትወድሽ ነበር፣ ሳታውቂ ነው የሆነው።»

«ጋሼ…»

«ቆይ አልጨረስኩም። ያቺን ሴት እናቴን ገደልሽ ስላት አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። አሥራ ሁለት ቀን ብቻዬን እዚህ ስበላና ስተኛ፣ እሷን ስረግም፣ አንቺ ታውቂ ነበር። ይሄንን ግን ምን ላድርገው?»

እሱ ተነስቶ ወደ ቤት ገባ፣ ሸሚዝ ቀይሮ ወጣ። «አብሬህ ልሂድ?» አለችው። «አይሆንም» አለ፣ ዞር ብሎም አላየት። 

አመሻሹ ላይ ከሚስቱ ጋር ተመለሰ። ሚስቱ ሬዲዮን ስታይ ቀድማ ገብታ አቀፈቻትና «እህል ቀምሰሻል?» ብላ ጠየቀቻት። ወንድሟ በአጠገባቸው አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። ሬዲዮ እስኪጨልም ጠበቀች፤ ሳይወጣ ሲቀር የመጨረሻውን መኪና ይዛ ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት መልእክቱ ከመላኩ በፊት የኮምፒዩተሩ ባለሙያ አንገቱን በበሩ አስገባ። ዛሬ «ሬዲዮ» አላላትም። «ወንድምሽ ደውሎ ነበር» አለ። «ወጥመዱን ራሴ እቆጥራለሁ፣ የማልረጭም ከሆነ አልረጭም፤ ቁጥሬን ግን ከዝርዝሩ አውጡልኝ፣ ያንን ድምፅ መስማት አልችልም ብሏል። ምን ላድርግ?»

«እኔ አወጣዋለሁ» አለች።

ዝርዝሩን ከፈተችው። የእናቷ ቁጥርም ከወንድሟ ቁጥር በታች እንዳለ ነበር፤ ማንም አላነሳውም። ሁለቱንም አጠፋቻቸው፣ ከዚያም ለቀሩት ማሳዎች መልእክቱን ላከች።